ሠላሳ አንድ ሰሌዳ ከማሠራትሽ በፊት እንግዳው የት እንደሚቆም እዪ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሠርጋችን ሊደርስ ሦስት ወር ገደማ ቀርቶታል። የቃል ኪዳኑ ሥነ ሥርዓትና ግብዣው በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ቦታዎች ግን ይራራቃሉ። የመኪና ማቆሚያው ደግሞ በሌላ በር በኩል ነው። ወደ ሁለት መቶ እንግዶች ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ግቢውን አያውቁትም። ኢንተርኔት ላይ አይቼ የወደድኩትን ሁሉ ስይዝ የምልክቶቹ ዝርዝር ሠላሳ አንድ ደረሰ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ሰሌዳ፣ መስታወት ላይ የተጻፈ ጥቅስ፣ የፕሮግራም ሰሌዳ፣ የፎቶ ቦታ፣ የስጦታ ጠረጴዛ፣ ስልክ አጥፉ የሚል፣ ሌላም ሌላም። እጮኛዬ «ሁለት ይበቃል፣ ሌላው ብር መጣል ነው» ይላል። ታላቅ እህቴ ደግሞ «እንግዳን ሰው ነው የሚቀበለው እንጂ ሰሌዳ አይደለም» ብላ ቅር ብሏታል። የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው? መቼስ ልጀምር?

ግራ የገባኝ ሙሽራ ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ።

ክርክራችሁ ቁጥር ላይ ነው። አንቺ ሠላሳ አንድ ትያለሽ፣ እጮኛሽ ሁለት ይላል፣ እህትሽ ደግሞ ጨርሶ ባይኖር ደስ ይላታል። ቁጥሩን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ መታየት ያለበት እንግዳው ነው። በተለይ ቦታውን የማያውቀው፣ ትንሽ ያረፈደው፣ ልጅ ያቀፈው፣ መነጽሩን ቤት ረስቶ የመጣው እንግዳ። እሱ የት ጋ ቆሞ ግራ ይገባዋል? ምልክት የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ጥያቄ በሌለበት ቦታ የቆመ ሰሌዳ ዲኮር ነው። ዲኮር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሠርግ ማማር አለበት። ግን የሁለቱ ሥራ ይለያያል። አንድ ዝርዝር ውስጥ ስለተቀላቀሉብሽ ነው ሠላሳ አንድ የደረስሽው።

ስለዚህ ዲዛይነር ከማናገርሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ግቢውን ረግጣው የማታውቅ ጓደኛ ፈልጊና አብራችሁ ሂዱ። ከዋናው መንገድ፣ ከመኪና ውስጥ ጀምሩ። እሷ ትምራሽ፤ አንቺ ከኋላ ተከተያት። «በዚህ ነው፣ በዚያ ነው» እንዳትያት። ቆም ያለችበትን፣ አንገቷን ያዞረችበትን፣ «አሁንስ በየት ነው?» ብላ የጠየቀችበትን ቦታ ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሳትጠራጠር ያለፈችበትን ተዪው። ከተቻለ እንግዶቹ በሚመጡበት ሰዓት ሂዱ፤ ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ፣ ሲመሽ የቱ ጥግ እንደሚጨልም የሚታየው ያኔ ነው። ወደ ቤት ስትመለሱ እውነተኛው ዝርዝር ስልክሽ ውስጥ አለ።

ከደብዳቤሽ እንደገባኝ፣ የእናንተ እንግዳ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ከመንገድ ሲታጠፍ «ቦታው ይህ ነው?» ይላል። በሩ ላይ «መኪናዬን የት ላቁም?» ይላል። ከመኪናው ወርዶ «ሥነ ሥርዓቱ በየት በኩል ነው?» ይላል። ሲያልቅ «አሁን ወዴት እንሂድ?» ይላል። አዳራሹ በር ላይ ደርሶ «የት ልቀመጥ?» ይላል። በመሀል ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ይፈልጋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ሰሌዳዎች የግድ ናቸው። አንዱን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ወይም ሦስት ቀስት ሊያስፈልግ ይችላል፤ መታጠፊያው በበዛ ቁጥር ቀስቱም ይበዛል። እጮኛሽ ሁለት ያለው ለዚህ ነው የማይሠራው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሥነ ሥርዓቱ ያለው መንገድ ብቻውን ከሁለት በላይ ይፈልጋል።

አሁን ስለ መንገዱ ምልክት ልንገርሽ፤ ብዙ ሠርግ ላይ የሚበላሸው እሱ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀስቱ መታጠፊያው ጥግ ላይ ከቆመ ሹፌሩ ሲያየው አልፎታል። ከመታጠፊያው 50 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ አንድ ይቁም። ያ አይቶ፣ አንብቦ፣ ፍሬን ለመያዝ አራት ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ቀስት መታጠፊያው ላይ ይሁን። ታጥፎ ከገባ በኋላ መንገዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ «ልክ ነህ፣ ቀጥል» የሚል ሌላ አንድ ትንሽ ምልክት አስቀምጪ። ሰው ካልተሳሳተበት መንገድ ተመልሶ የሚወጣው እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ሲያጣ ነው። መንገድ ዳር ምልክት ማቆም ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ ይኖራል፤ የአካባቢውን አስተዳደርና የግቢውን ባለቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የፊደል መጠን ላይ ቀላል ስሌት አለ። ፊደሉ ከሚነበብበት ርቀት ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ስጪው። ከአሥር ሜትር እንዲነበብ የምትፈልጊው ጽሑፍ ፊደሉ አሥር ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ከዚያ ባነሰም ያነባል። የአንቺ እንግዶች ግን ሁሉም ጥሩ ዓይን የላቸውም፤ ሁሉም ደግሞ ቆመው አያነቡም። ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ይከተላል። «ፓርኪንግ» አምስት ፊደል ነው። ፊደሎቻችን ወደ አራት ማዕዘን ስለሚጠጉ በአሥር ሴንቲ ሜትር ስትጽፊው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይወስዳል። ኤ2 ወረቀት አግድም ሲሆን ወርዱ 59.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በልኩ ይገባል፤ ቀስቱ ከሥሩ ይሁን። «ውድ እንግዶቻችን መኪናችሁን በዚህ በኩል ታቆሙ ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለው ግን በዚያ መጠን የኤ2 እጥፍ በሆነው ኤ1 ላይ እንኳን አይገባም። ሲገባ ደግሞ የሚገባው ማንም ሊያነበው በማይችል መጠን ነው። አክብሮቱን በር ላይ ለቆመው ሰው ተዪለት። አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት አንድ ቃልና አንድ ቀስት ይበቃዋል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በዚያው ቀን እዚያው አካባቢ ሌላ ሠርግ ሊኖር ይችላል። «ሠርግ» ከሚል ቃል ጋር የሁለታችሁን የመጀመሪያ ስም አድርጉበት፤ ካልሆነም ከጥሪ ካርዱ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ተጠቀሙ። ያለበለዚያ የሌላ ሰው አጎት እናንተ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ወደ ቀለምና ወደ ፊደል ቅርጽ ስንመጣ ትንሽ ልከራከርሽ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታያቸው የሚያምሩ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ነጭ ላይ በወርቃማ፣ ወይም ክሬም ላይ በቀላል ሮዝ የተጻፉ ናቸው። ፎቶ ላይ ያምራሉ። ሦስት ሜትር ርቀሽ ስታያቸው ግን ባዶ ሰሌዳ ናቸው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም በፈካ መደብ ላይ፣ ወይም ነጭ በጥቁር መደብ ላይ ይሁን። ወርቃማውን ለጠርዙ አድርጊው። ቀይ በአረንጓዴ ላይ አትጻፊ፤ ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች። ጽሑፉ የሚያብለጨልጭ ላሚኔት አይደረግበት። ፀሐይ ወይም የካሜራ ፍላሽ ሲያርፍበት አይነበብም።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። ቱ እና ቲ፣ ኑ እና ኒ የሚለያዩት አንዲት ትንሽ ሰረዝ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቷ ነው። ፎንቱ በጣም ቀጭን ከሆነ፣ ወይም በጣም ከተጌጠ፣ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ሰረዝ ናት። ስለዚህ ያጌጠውን ፎንት ለስማችሁ ብቻ ተጠቀሙበት። ስማችሁን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢጠማዘዝም ይነበባል። አቅጣጫው፣ ዝርዝሩና መመሪያው ግን ሰው በየቀኑ በሚያነበው ዓይነት ፊደል ይጻፍ።

ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ የሚያጋጥም ችግር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት አድርገው የሚያነቡበት የጋራ አሠራር) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ እስከ ዛሬም የሚጠቀምባቸው ዲዛይነር አለ። በእሱ ኮምፒውተር ላይ ልክ የነበረው ጽሑፍ ማተሚያ ቤቱ ሲከፍተው ሳጥን ሳጥን ወይም የማይገባ ምልክት ይሆናል። ፎንቱ ሌላው ማሽን ላይ ከሌለም እንዲሁ ይበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዲዛይነሩን «ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረህ በፒዲኤፍ ላክልኝ» በይው፤ ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ ፎንት አይፈልግም። ፒዲኤፉን በራስሽ ስልክ ላይ ከፍተሽ እዪ። ከመታተሙ በፊትም አንድ ናሙና በትክክለኛ መጠኑ፣ በተራ ወረቀት አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊና ራቅ ብለሽ አንብቢው። ስክሪን ላይ ትልቅ የመሰለሽ ፊደል ግድግዳ ላይ ያንሳል።

ጽሑፉን አንቺ ብቻ አታርሚው። ራስሽ የጻፍሽውን ስታነቢ ዓይንሽ የሚያየው ልትጽፊ ያሰብሽውን ነው። በዝግጅቱ ውስጥ የሌለ፣ አማርኛው ጥሩ የሆነ ሰው ይየው። «ሠርግ» ካላችሁ ሁሉም ቦታ «ሠርግ»፣ «ሰርግ» ካላችሁም ሁሉም ቦታ «ሰርግ» ይሁን። የቤተሰብ ስም፣ ቀንና ሰዓት በተለይ ፊደል በፊደል ይታይ።

የመቀመጫውን ዝርዝር ሰፋ አድርጌ ላንሳው፤ ሁለት መቶ ሰው የሚቆምበት ሰሌዳ እሱ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው በጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ 1፣ ከሥሩ ስሞች። ጠረጴዛ 2፣ ከሥሩ ስሞች። ለአዘጋጁ ይመቻል። እንግዳው ግን ጠረጴዛውን ስለማያውቅ ነው ወደ ሰሌዳው የመጣው። የሚያውቀው ስሙን ነው። ስሙን ለማግኘት ሃያ ጠረጴዛ ማንበብ አለበት፤ ከኋላው ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል። ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሪያቸውና ከእያንዳንዱ ስም ጎን የጠረጴዛውን ቁጥር ጻፊ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጊ የአዳራሹ በር ላይ የሚኖረው መጨናነቅ በጣም ይቀንሳል።

የፊደል ተራው ግን እኛ ጋ ወጥመድ አለው። «ሐና» እና «ሀና»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንደ ጻፊው ይለያያሉ። የፊደል ገበታ ላይ ሀ እና ሐ ተለያይተው ነው ያሉት፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። እንግዳዋ ስሟን በሀ ፈልጋ ብታጣው «አልተጠራሁም እንዴ?» ብላ ትደነግጣለች። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች አንድ ላይ ሰብስቢያቸው። ርዕሱ «ሀ ሐ ኀ» ይሁንና ሦስቱም ከሥሩ ይግቡ። «ሰ ሠ»፣ «አ ዐ»፣ «ጸ ፀ» እንደዚሁ። ሰው የፊደል ተራውን እስከ መጨረሻው በቃሉ ላይዝ ስለሚችል እነዚህ ርዕሶች ትልልቅና በሌላ ቀለም ይሁኑ። ስሙ አጻጻፉ ላይ ከተጠራጠርሽ ባለቤቱን ጠይቂ። በስም ቀልድ የለም።

ማዕረግ ከስም በፊት ካስገባሽ «አቶ»ዎችና «ወይዘሮ»ዎች ሁሉ አንድ ላይ ይከመራሉ። ማዕረጉን ከስሙ በኋላ አድርጊው ወይም ተዪው። ስማቸው ለሚመሳሰል ሰዎች የአባት ስም ጨምሪ። የቤት ስማቸው ከመዝገብ ስማቸው የገነነ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ደግሞ ሁለቱንም ጻፊ።

ሁለት መቶ ስም አንድ ሰሌዳ ላይ አይጠቅጠቅ። ሁለት ወይም ሦስት ላይ ክፈይውና አራርቀሽ አቁሚያቸው፤ ሦስት ቡድን ጎን ለጎን ያነባል። በሩ አፍ ላይ ግን አታድርጊው፤ የሚያነብ ሰው የሚገባውን ይዘጋል። ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መብራት ባለበት ይሁን። ከጀርባው ደማቅ መስኮት ካለ ሰሌዳው ጠቁሮ ይታያል፤ ወደ ሌላ ግድግዳ አዙሪው። ስሞቹ ከወገብ በታች እንዳይወርዱ፤ መሃሉ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። በተቃራኒው የአቅጣጫ ቀስት ከሰው ጭንቅላት በላይ፣ ከሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል። ሕዝቡ ሲሞላ ዝቅ ያለ ቀስት አይታይም።

ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ቁጥር በሁለቱም በኩል ይጻፍ፤ ከአበባውም ከፍ ይበል። የግዕዝ ቁጥር ውብ ነው፣ ብትጠቀሚበት ደስ ይለኛል። ግን ከአሥር በላይ ሲሄድ ብዙ ሰው ቆሞ ያስባል። 12 በትልቁ፣ ፲፪ ከሥሩ በትንሹ ይሁን።

መጸዳጃ ቤት ላይ ጽሑፍ ብቻ አትጠቀሚ፤ ሥዕላዊ ምልክቱን አድርጊ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ አዘጋጆች ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ጃፓንኛ እንደማያነብ ስለሚያውቁ ለስፖርቱም ለአገልግሎቱም ሥዕላዊ ምልክቶች አዘጋጅተው ነበር። ያ አሠራር ዛሬ በየአየር ማረፊያው የምናየው ነው። አንቺም ጋ አማርኛ የማያነብ እንግዳ፣ ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን፣ ማንበብ የማይችሉ ትልቅ ሰው ይኖራሉ። ዊልቸር የሚጠቀም እንግዳ ካለ ደግሞ ደረጃ የሌለበት መንገድ በየት እንደሆነ መነሻው ላይ ይጠቆም። ደረጃው ሥር ደርሶ ይመለስ ዘንድ አይገባም።

የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክቱን፣ በሩንና የእሳት ማጥፊያውን ዲኮሩ እንዳይሸፍናቸው። ይህን ለዲኮር ሠሪው በግልጽ ንገሪው።

«ስልክ አጥፉ» የሚለውን አንስተሻል። ከእንግዳ አንድ ነገር የምትጠይቂበት ሰሌዳ ቃና ያስፈልገዋል። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ ይመስላል። እንግዳው የመጣው ስለሚወድሽ ነው። እንደዚህ ብትይውስ? «ቃል ስንገባባ ፊታችሁን ማየት እንፈልጋለን። ለጥቂት ደቂቃ ስልካችሁን አስቀምጡልን፤ ፎቶውን እኛ እንልክላችኋለን።» ምክንያቱን ነገርሽው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ነገርሽው፣ ምን እንደሚያገኝም ነገርሽው። ፎቶውን እንልካለን ካላችሁ ግን ላኩ። ሰሌዳውን ያላየም አይጠፋምና ሥነ ሥርዓቱ ሲጀመር የመድረኩ መሪ አንድ ጊዜ በቃል ይናገረው። «እባክዎ» እና «እባካችሁ» እየቀላቀልሽ አትጻፊ፤ አንዱን መርጠሽ በሁሉም ሰሌዳ ላይ እሱን ያዢ።

የፕሮግራም ሰሌዳ ላይ ደቂቃ አትጻፊ። 8፡15፣ 8፡40 እያልሽ ስትደረድሪ የመጀመሪያው ሲንሸራተት ሁሉም ውሸት ይሆናል። ሰውም ሰሌዳውን እያየ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጻፊ።

እንግዶች ያነሱትን ፎቶ እንዲልኩላችሁ ኪውአር ኮድ የምታስቀምጡ ከሆነ ጥቂት ነገር ልብ በዪ። ከአንድ ሜትር ላይ እንዲነበብ ኮዱ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ጥቁር በነጭ ላይ ይሁን፤ ዙሪያውም ነጭ ክፍት ቦታ ይኑረው። ወርቃማ ኮድን አንዳንድ ስልክ ላያነበው ይችላል። ነጻ የሚሠሩ አንዳንድ ገጾች የሚሰጡሽ ኮድ ከተወሰነ ቀን በኋላ ይዘጋል። ታትሞ ካለቀ በኋላ በተለያዩ ስልኮች ሞክሪው፤ ከሠርጉ ዋዜማም እንደገና ሞክሪው። ኔትወርክ በማይሠራበት አዳራሽ ውስጥ ግን ኮድ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ታላቅ እህትሽ ልምጣ። ትክክል ናት። ሰሌዳ እንግዳ አይቀበልም። አንድ እንግዳ መኪናውን ሲያቆም መጀመሪያ ማየት ያለበት የሚያውቀውን ወይም የሚስቅለትን ፊት ነው። ግን ሁለት መቶ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲመጣ በር ላይ የቆመችው እህትሽ «መጸዳጃ ቤቱ በየት ነው?» ለሚላት ሁሉ ስትመልስ አክስቷን ሳትስም ታሳልፋታለች። ሰሌዳው ያንን ጥያቄ ሲወስድላት እሷ ለሰላምታው ጊዜ ታገኛለች። ይህን ለራሷ ንገሪያት። ከዚያም ምክር ጠይቂያት፦ የት የት ሰው ይቁም? እኔ ሦስት ቦታ እላለሁ። አንዱ የመኪና ማቆሚያው ጋ፣ አንዱ ከሥነ ሥርዓቱ ወደ ግብዣው በሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ፣ አንዱ የመቀመጫ ዝርዝሩ አጠገብ። የመጨረሻው ሰው እጁ ላይ ዝርዝሩ በወረቀት ይኑረው፤ ማንበብ ለማይችሉ ወይም ሰሌዳው ጋ መጋፋት ለማይፈልጉ ትልልቅ ሰዎች እሱ ራሱ ፈልጎ እስከ ወንበራቸው ያድርሳቸው። ሰዎቹን የምትመርጠው እህትሽ ብትሆን ቅሬታው የሚቀር ይመስለኛል። ዘመዱን ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል?

ከዲኮሩ የትኛውን ልተው ላልሽው፣ ለእኔ የእንኳን ደህና መጣችሁ ሰሌዳው ይቆይ። መግቢያው ላይ ስማችሁን ያየ ሰው ቦታው ልክ መሆኑን ያውቃል፤ ፎቶም ይነሳበታል። ኤ1 ይበቃዋል። ከጥቅሶቹ በእውነት የምትወጂውን አንዱን ያዢና ፎቶ በሚነሳበት ቦታ አድርጊው። መስታወት ላይ የተጻፈው ግን ይቅርብሽ። የሚነበበው ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ አንድ ወጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሕዝብ ሲያልፍበት ፊደሉ ከሰዉ ጋር ይቀላቀላል። ፎቶግራፍ አንሺሽም ራሱን ሳያነሳ ሊያነሳው ይቸገራል። «ስጦታ እዚህ» የሚለውን ትንሽ ካርድ ያዢ፤ ሰው ፖስታ ይዞ ሲዞር ያሳዝናል። ሌላውን በድፍረት ሰርዢ። የሰረዝሽው ብር ለመንገዱ ቀስቶች ይዙር። እጮኛሽም በዚህ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ግቢውን የማታውቀውን ጓደኛሽን ይዛችሁ ስትሄዱ እሱም ይምጣ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ግቢውን ለማየት አሁኑኑ ሂጂ። የግቢውን ሰዎችም ያኔ ጠይቂያቸው፦ ሚስማር ይቻላል? ፕላስተር ቀለሙን ያነሳ ይሆን? የራሳቸው ማቆሚያ አላቸው? ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ጽሑፉ ሁሉ ተጽፎ ይለቅ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የማይለወጡት ሰሌዳዎች ይታተሙ። የመቀመጫው ዝርዝር ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት አይታተም፤ «እመጣለሁ» ያለ ይቀራል፣ «አልመጣም» ያለ ይመጣል። ማተሚያ ቤቱን አስቀድመሽ «በዚህ ቀን አንድ ፋይል አመጣለሁ፣ በማግስቱ እፈልገዋለሁ» ብለሽ ቀጠሮ ያዢ።

ውጭ የሚቆም ነገር ሁሉ ነፋስ ይጥለዋል። ትልቅ ሰሌዳ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሲሆን እንደ ጀልባ ሸራ ነው የሚሆነው፤ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ሰሌዳውን ከማቆሚያው ጋር እሰሩት፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት አድርጉ። ፎም ቦርድ ለአዳራሽ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ዝናብ ካገኘው ግን ያብጣል። ለውጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም ባነር ይሻላል። ዝናብ ከመጣ ሥነ ሥርዓቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወር ከሆነ፣ ወደዚያ የሚያመለክቱ ቀስቶችም አብረው ታትመው ተጠቅልለው ይቀመጡ።

በዕለቱ ይህን ሥራ የምትሠሪው አንቺ አይደለሽም። እናትሽም ሚዜዎችሽም አይደሉም፤ እነሱ ከአንቺ ጋር ናቸው። አንድ ረጋ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ምረጪ። የግቢውን ሥዕል በእጅ ሣይለትና እያንዳንዱ ሰሌዳ የት እንደሚቆም ቁጥር ስጪበት፤ ያንኑ ቁጥር ከሰሌዳው ጀርባ ጻፊ። አንድ ሣጥንም ስጪው፦ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ገመድ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ወፍራም ማርከር፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ጥቂት ሰሌዳዎች። ያላሰባችሁት ነገር ሁልጊዜ ይመጣል፤ አንድ በር ይዘጋል፣ መኪና ማቆሚያው ይሞላል። ባዶ ሰሌዳና ማርከር ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ይፈታዋል። እንግዶች መምጣት ከመጀመራቸው አንድ ሰዓት በፊት ሁሉም ቆሞ ይለቅ። ከዚያ ያው ሰው ከዋናው መንገድ ጀምሮ በመኪና አንድ ጊዜ ገብቶ ይየው፤ ሲመሽ መብራት የማያገኙትም እነማን እንደሆኑ ያኔውኑ ይለያቸው።

የመንገዱን ቀስቶች የሚያነሳው ሰውም ከአሁኑ ይታወቅ። ማታውኑ ወይም በማግስቱ ጠዋት ይነሱ፤ ካልተነሱ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ሙሽራ እንግዶች እየተከተሏቸው ይመጣሉ። ማሰሪያውንና ፕላስተሩንም አብሮ ይልቀም።